«ሊሆን ይችላል» ያለችው ባለሙያ

ሽቦ አባቷን የካደችው በአፏ አልነበረም፤ በእግሯ ነው።

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡላት በኮምፒውተር ጥገና ቤቱ አብረዋት የሚሠሩት ናቸው። ቀጭን ናት፣ ረጅም ናት፣ ከእጇም ሽቦ አይጠፋም። የዛሬ ስምንት ወር ከአንድ የድምፅ መቅጃ ቤት ተደውሎ «ኮምፒውተራችን እርጅና ተጫጭኖታል፤ ሰው ላኩልን» ሲባል የተላከችው እሷ ነበረች። የጥገና ቤቱን የጠቆሟቸው የገዛ አባቷ እንደሆኑም ታውቅ ነበር፤ ልጄ እዚያ ትሠራለች ማለቱን ግን ለዕለቱ አቆይተውት ነበር። አባቷ የዚያ መቅጃ ቤት ጥበቃ ናቸው፤ ቀን በሩን ይጠብቃሉ፣ ጠዋት ጠዋት ክፍሎቹን ይጠርጋሉ። በሩ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። በዚያን ቀን ጠዋት ከቤት ሲወጡ «ዛሬ እንግዲህ የኔን ልጅ ሙያ ያዩታል!» ብለው ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ወለወሉ።

ሽቦ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ አንድ ወጣት ከኋላዋ ደረሰባት። የለበሰው ሸሚዝ ነጭ፣ አነጋገሩ የረጋ።

«ከጥገና ቤቱ ነሽ አይደል? ቦርሳሽን ልያዝልሽ» አላት። «ኮምፒውተሩ የኔ ነው። ማለቴ የእናቴ። ማለቴ... የሁላችንም ራስ ምታት ነው።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። እየሳቁ በሩ ጋ ደረሱ።

አባቷ ከበርጩማቸው ተነሡ። በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው ባልዲ ይዘዋል፤ የኮታቸው ክርን በሌላ ቀለም ጨርቅ ተጥፏል። ፊታቸው በርቶ፣ አፋቸው «ይቺ እኮ...» ሊል ተከፍቶ ነበር። ሽቦ የወጣቱን ነጭ ሸሚዝ አየች፤ የአባቷን ክርን አየች።

«እንደምን አደሩ» ብላ አለፈች። እንደ ማንም መንገደኛ።

የአባቷ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ወዲያው ግን ጎንበስ አሉና «እንደምን አደሩ እመቤት፣ ይግቡ» አሉ። ከዚያም በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርገው ዘጉ።

ማታ እቤት «አባዬ፣ የዛሬው ነገር...» ብላ ስትጀምር አላስጨረሷትም። «ተይው። ሥራ ቦታ ሥራ ቦታ ነው፤ ቤት ቤት ነው» አሉና ሻይዋን አቀረቡላት። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች። 

ነገ አስተካክለዋለሁ አለች። ነገ ግን የራሱ ነገ አለው። አንድ ቀን ያለፉትን በር በሁለተኛው ቀን ማለፍ ይቀላል፤ በሦስተኛው እግር ራሱ መንገዱን ያውቀዋል።

መቅጃ ቤቱ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉት። አንዱ ግድግዳው ሁሉ በወፍራም ምንጣፍ የተሸፈነ ሲሆን የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ጡረተኛ አስተማሪ፣ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት የሚያነቡበት ነው። በሌላው ክፍል ልጃቸው ተቀምጦ ድምፃቸውን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፤ ሳላቸውን ያወጣል፣ ትንፋሻቸውን ይተዋል። አርታዒው ይሉታል። ሽቦ ለአሮጌው ማሽን የማይከብደውን፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነችለት፤ ማሽኑም እንደ ወጣት መሮጥ ጀመረ። አርታዒው ደስታውን ለመግለጽ ቃል ቸገረው። እሷም የሰማችው ቃሉን ሳይሆን ዓይኑን ነበር።

ቆይቶ አንድ ችግር መጣ። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑን የሚይዘው የመጠባበቂያ ባትሪ እትዬ አንድ ገጽ ሳይጨርሱ ያልቅ ነበር። «ምንም ማድረግ አይቻልም?» አላት አርታዒው። እንዲያ ብሎ ሲጠይቃት አይቻልም የሚባል ነገር ያለ አይመስላትም። ኃይል ቆጣቢ ትእዛዞች ጻፈች፦ ስክሪኑ ቶሎ ይደብዝዝ፤ ማሽኑ ረጋ ብሎ ይሥራ፤ ዩኤስቢ በሚባሉት መሰኪያዎች ላይ የተሰካ ማንኛውም ነገር ለሁለት ሰከንድ ሥራ ከፈታ ይተኛ። ባትሪው ዕድሜ አገኘ። እትዬ «እጅሽ ይባረክ» አሏት። አርታዒው እስከ በሩ ሸኛት። አባቷ ተነሥተው በሩን ከፈቱላቸው።

ዩኤስቢው ማስቸገር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ኪቦርዱ ድንገት ይሞታል። የማይክሮፎኑ ድምፅ ይቋረጣል። ድምፁ የሚቀመጥበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋና ነቅለው ሲሰኩት ይመለሳል። ሽቦ በማሽኑ ፊት የተሰካውን ወደ ኋላው መሰኪያ ቀየረች፤ ኬብል ለወጠች፤ መሰኪያዎቹን በብሩሽ አጸዳች። እሷ ባለችበት ሁሉም ነገር ሰላም ነው። እሷ ስትወጣ ይጀምረዋል። «ሐኪም ሲያይ እንደሚድን በሽተኛ» አሉ እትዬ። እሷ ባለችበት እጇ ከማሽኑ ስለማይለይ የሚተኛ ነገር እንደሌለ ያኔ አልገባትም።

እውነቱን ለመናገር የብልሽቱን ምክንያት አጥብቃም አልፈለገችም። በመጣች ቁጥር ስክሪኑ ላይ «ለሽቦ» የሚል ፋይል ይጠብቃታል። በአንዱ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ዛሬ ኪቦርዱ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ሁለቱን አላውቅም። ሦስተኛውን ግን የነቀልኩት እኔ ነኝ። አንቺን ለመጥራት ሌላ ምክንያት አጣሁ። ፍረጅብኝ።»

እሷም ከሥሩ «ቅጣትህ፦ በሚቀጥለው ያለ ምክንያት ጥራኝ» ብላ ጻፈች። ፊቷ ግሎ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ አለች። በመስኮቱ በኩል የአባቷ ጀርባ ይታያል። ፈገግታዋን ዋጠችው።

ከዚያ የእትዬ ጉሮሮ ታመመ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን ለአርብ ቀጠረው። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ይሁን አይሁን ማንም ሊነግራቸው አልደፈረም። የያዙት መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ቀርቶታል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ክፍል ገብተው ያቺን ምዕራፍ አነበቡ። ሁለት ጊዜ ውሃ ለመጠጣትና ለማረፍ አቆሙ። ሲጨርሱ አርታዒው ካለበት ክፍል መጥቶ እጃቸውን ሳመ። ሐኪሙ ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ አንድም ቃል እንዳይናገሩ አዝዟል።

ሐሙስ ጠዋት ዲስኩ ከስክሪኑ ላይ ጠፍቶ ተገኘ፤ አርታዒው ነቅሎ ሰካውና ፋይሉን ከፈተ። ከመጀመሪያው እረፍት ወዲህ ያለው የለም። አርባ ደቂቃ ባዶ። 

ሽቦ ተጠርታ ስትደርስ አባቷ የመቅጃ ክፍሉን ጠርገው ሊወጡ ነበር። አርታዒው ፊቱ አመድ መስሏል። «አባባ፣ እስኪ በሩ ጋ ይቆዩልኝ» አላቸው፤ እሳቸውም መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ። እሱ በሩን ዘጋና ወደ ሽቦ ዞረ።

«ጠዋት ጠዋት የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛው ሥር ይገባሉ። ኬብሉን በመጥረጊያ ነክተውት ይሆን? አንቺ ባለሙያ ነሽ። ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም?»

ልቧ «አባቴ እንኳን ኬብል፣ ጉንዳን አይነካም» ሊል ተንደረደረ። ግን ይህን ለማለት «አባቴ» ማለት ያስፈልጋል። ስምንት ወር ሙሉ ያላለችውን ቃል፣ አሁን፣ በዚህ ሰው ፊት እንዴት ትበለው? ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ፤ የራሷ ሙያ ጥያቄ ውስጥ እንዳይገባ ፈራች።

«ሊሆን ይችላል» አለች።

ሁለት ቃል ናት። ከአፏ ስትወጣ ቀላል ነበረች።

እኩለ ቀን ላይ አባቷ ከሥራ ተሸኙ። ሽቦ ከመስኮቱ ሆና አየቻቸው። ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አጣጥፈው፣ በርጩማውን ከግድግዳው ጋር አስተካክለው አስቀምጠው ሄዱ። ቀና ብለው ወደ መስኮቱ ቢያዩ ኖሮ ትሮጥ ነበር። አላዩም። እሷም አልሮጠችም።

ቤት ስትደርስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አትቀየሚያቸው» አሉ። «አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እኔ እኮ ነክቼው ይሆናል፤ ዓይኔ እንደ በፊቱ አይደለም። የዚያችን ሴት የመጨረሻ ድምፅ በመጥረጊያ ጠርጌ ጣልኩት፣ ልጄ።» ከዚያ እጃቸውን ገልብጠው ያዩት ጀመር፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ሽቦ ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች። ማልቀስ ፈልጋ አቃታት። ማልቀስ እንኳ መብት የሚፈልግ መሰላት።

ሦስት ሳምንት መቅጃ ቤቱን ሸሸች። አርታዒው ሲደውል ስልኩን አታነሣም። በመጨረሻ አንድ ደብዳቤ ጥገና ቤቱ ድረስ መጣላት፤ በእጅ የተጻፈ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት።

«ያን ዕለት ፊቴን አይተሽ ጠልተሽኝ ይሆናል። ሽማግሌ ሰው ሳባርር ያየሽኝ ጊዜ በዓይንሽ ውስጥ የሆነ ነገር ተዘጋ። ልክ ነሽ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ጋ ስደርስ ባዶውን በርጩማ ላለማየት ወደ ሌላ ዞሬ ነው የምገባው። ወይስ ሌላ ሰው አለሽ? ካለ ንገሪኝ፤ ይቆርጥልኛል። እናቴ ቀዶ ጥገናው ተደርጎላታል፤ ለስድስት ሳምንት መናገር ተከልክላለች። ዩኤስቢው አሁንም ይጠፋል። ይህ ግን ምክንያት አይደለም። ያለ ምክንያት እየጠራሁሽ ነው።»

«አሁንም ይጠፋል» የሚለው ላይ ዓይኗ ተተከለ። ጠራጊው ከሄደ ሦስት ሳምንቱ ነው። ታዲያ አሁን የሚነካው ማነው?

በማግሥቱ ጠዋት ሄደች። አዲስ ጥበቃ አልተቀጠረም፤ በሩን የከፈተላት አርታዒው ራሱ ነው። ሊናገራት አፉን ሲከፍት «መጀመሪያ ማሽኑን ልየው» አለችው፤ ዓይኑን ማየት አልቻለችም።

ኮምፒውተሩ የውሎውን ማስታወሻ ለራሱ ይይዛል፤ ምን እንደተሰካ፣ ምን እንደተነቀለ፣ በስንት ሰዓት። ሽቦ ቀድሞም ልታነበው ይገባ ነበር። ወደዚያ ረቡዕ ተመለሰች። ዲስኩ የተለየው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ። ሐሙስ ጠዋት አይደለም። እትዬ ውሃ ሊጠጡ ባቆሙበት በመጀመሪያው እረፍት ላይ። አባቷ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ነበሩ። ሌሎቹንም ቀናት አየች። ዲስኩ የሚጠፋው ሰው ሲነካው አልነበረም። ሰው ሳይነካው ሲቀር ነው። ሁለት ሰከንድ ዝም ሲል ይተኛል፤ ሲቀሰቀስ አይነቃም። አርታዒው የድምፁ መስመር ስክሪኑ ላይ ሲሄድ እያየ እየተቀዳ መስሎት ተቀምጧል፤ ድምፁን የሚቀበል ዲስክ ግን አልነበረም።

«ይተኛ» ያለው ማነው? የትእዛዙን ፋይል ከፈተችው። እዚያው ነበር፤ ከነማስታወሻው፣ ከነቀኑ፣ በራሷ አጻጻፍ፦ ባትሪው እንዲቆይለት ብዬ።

እንዲቆይለት። «ለት» የሚሉትን ሁለት ፊደሎች አፍጥጣ አየቻቸው። በአንድ ቃል ውስጥ ፍቅሯም ጥፋቷም አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር።  ማሽኑ ፊት፣ ብቻዋን፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ትእዛዙን አጠፋች። ዲስኩን ሰክታ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሩብ ሰዓት ዝም ብላ ተቀመጠች። ዲስኩ አልጠፋም። ኪቦርዱም ማይክሮፎኑም አልጠፉም። በስምንት ወር ውስጥ የሠራችው ትክክለኛ ጥገና ይኸው ብቻ ነበር፤ የፈጀውም አንድ መስመር።

ተነሥታ ወደ ሌላው ክፍል ገባች። እትዬ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ደብተር ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። አርታዒው አጠገባቸው ቆሟል።

«ተሠርቷል» አለች። «ብልሽቱ የማሽኑ አልነበረም። የኔ ነው። ባትሪ ይቆጥብ ብዬ የጻፍኩት ትእዛዝ ነው ዲስኩን ሲያስተኛ የነበረው። የእትዬን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አርታዒው አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። «ሳታውቂ ነው» አለ። «ለኛው ብለሽ ነው። ሰው ይሳሳታል እኮ፤ ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት የሸሸሽኝ? የኔ እብድ!» ድምፁ ውስጥ የእፎይታ ሳቅ ነበረ። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

«አትንካኝ!» አለች። «አልጨረስኩም።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ያን ዕለት ሊሆን ይችላል ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ፣ እንደማይሆን ልቤ ያውቅ ነበር። እሳቸው ጠረጴዛ ሥር ሲጠርጉ ኬብሎቹን በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ነው። አውቃለሁ። ቤታችንንም የሚጠርጉት እንደዚያ ነው።»

«ቤታችን?»

«አባቴ ነው» አለች። «በሩ ላይ የነበረው ሰው አባቴ ነው። ስምንት ወር አብረን ስናልፈው የነበረው። የመጀመሪያው ቀን ቦርሳዬን ይዘህልኝ ስንገባ ልጄ ናት ሊልህ ነበር የተነሣው። ያንተን ሸሚዝ አይቼ የሱን ኮት አፈርኩበት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እያፈርኩ ነው፤ በኮቱ ግን አይደለም።»

 አርታዒው ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ ትፈልግ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው የሚያውቀውን ፊት ድንገት ሳያውቀው ሲቀር የሚታየው ዓይነት።

«ለኔ ብለሽ ነው የካድሽው?» አለ በመጨረሻ። «እኔ ምን ዓይነት ሰው መስዬ ብታይሽ ነው?» ከዚያም «እውነትሽን ነው። መልሼ ሳስበው ይህን ሁሉ ዓመት አባባ ስላቸው ልጅ አለዎት ወይ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም» አለ።

እትዬ ደብተራቸውን ገልጠው አንድ ነገር ጻፉና ወደ ሽቦ አዞሩት። ስለ ድምፃቸው አልነበረም። «አሁን አባትሽ ምን እያሰቡ ነው?» ይላል።

«እሱ...» አለች ሽቦ። «እሱ ያጠፋው እንደሆነ ያምናል። ማታ ማታ እጁን ያያል።»

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት እንባ ነበረበት። ወደ አዲስ ገጽ ገልብጠው መጻፍ ጀመሩ፤ ብዙ ጻፉ። ሽቦ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። አርታዒው ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር፤ አንድ ጊዜም አላያትም። ከዚያ ቤት ስትወጣ በሩን የዘጋላት ሰው አልነበረም፤ ራሷ ዘጋችው። ያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ከባድ በር እንደነበረ አላወቀችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አርታዒው የእናቱን ደብዳቤ ይዞ የሽቦን ቤት በር አንኳኳ። አንድ ክፍል ናት፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የኮምፒውተር ዕቃ። አባቷ ሲያዩት ደንግጠው ተነሡ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ተጣደፉ።

«ይቀመጡ አባባ፣ በሞቴ» አለ። ራሱ ግን ቆሞ ቀረ። «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። እናቴም ጽፋለች። ድምፅ ስለሌላት ነው እንጂ ራሷ በመጣች።»

አባቷ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፤ አራቁት። «ይሄ ዓይኔ...» አሉና ለሽቦ ሰጧት። «አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

ሽቦ አርታዒውን አየችው። እሱም አያት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ፊቱን አላዞረም። ማንበብ ጀመረች።

«ለተከበሩ ወንድሜ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እየተሻለኝ ነው። ይህን በአፌ ብነግርዎ ደስ ባለኝ። የዚያች ምዕራፍ ድምፅ የጠፋው በእርስዎ እጅ አይደለም። ዲስኩ የተለየው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እርስዎ በሩ ላይ ሳሉ ነው። የጠፋበት ምክንያትም ማሽኑ ውስጥ የነበረ ትእዛዝ ነው። እኛ ግን እርስዎን ሳንጠይቅ፣ አንድ ባለሙያ <ሊሆን ይችላል> ስላለን ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገሉንን ሰው ሸኘን። <ሊሆን ይችላል> ተብሎ ሰው አይሸኝም። ይህን ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አፈርኩ። ምዕራፏን ሌላ ሰው ያነባታል፤ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። በርጩማዎ እንዳስቀመጡት ነው። መመለስ ባይፈልጉም እንኳ አንድ ቀን መጥተው ቢቀመጡበት እወዳለሁ።»

አባቷ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ።

«እኔ አይደለሁም?» አሉ።

«አይደለህም አባዬ።»

«በእውነት እኔ አይደለሁም?» ትከሻቸው ወደ ታች ወረደ፤ ደረታቸው በረጅሙ ተነፈሰ። ፊታቸው ላይ የመጣው ደስታ የልጅ ደስታ ነበር። ሽቦን በጥፊ ቢመቷት ከዚያ ደስታ በላይ ባላመማት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ባለሙያ ይላል። ሊሆን ይችላል ያለው ባለሙያ ማነው?»

እትዬ ስም አልጻፉም። ሽቦ አሁን ገባት፤ ረስተው አልነበረም፤ ለእሷ ትተውላት ነው። «አላውቅም» ማለት ትችል ነበር። አርታዒው እንደማያጋልጣት ዓይኑ ነግሯታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ትእዛዙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊሆን ይችላልም ያልኩት እኔ ነኝ። እንደማይሆን እያወቅሁ። አባቴ ነው ማለት አፍሬ።»

አባቷ አዩዋት። ሳያዩዋት ኖረው አሁን ያዩዋት ያህል አዩዋት።

«ስታልፊኝ ምንም አልመሰለኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅ ነሽ። ወጣትነት የሰው ዓይን ያስፈራል፤ እኔም ልጅ ሆኜ አባቴን የማላውቃቸው መስዬ በገበያ መሐል አልፌያለሁ። ይኸኛው ግን...» እጃቸውን አነሡና መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ሃያ ሦስት ቀን እኔ ነኝ እያልኩ አጠገብሽ ተኛሁ። ሰማሽኝ። ዝም አልሽ።»

«ይቅር በለኝ አባዬ።»

«ዛሬ አልችልም» አሉ። አልጮሁም። «ውሸት ልነግርሽ አልፈልግም። ዛሬ አልችልም፤ ነገ ጠይቂኝ።» ከዚያ ወደ አርታዒው ዞረው «እናትህ መዋጥ ችለዋል? ትኩስ ነገር እንዳይጠጡ ንገራቸው» አሉት፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ሽቦ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ልብስ እያሰጣ ነበር፤ ግድ አልነበራትም። አሁን የመጣው እንባ ፈቃድ አልጠየቀም። ትንሽ ቆይቶ አርታዒው ወጣና ነጭ ሱሪዬ ይቆሽሻል ሳይል ደጃፉ ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሂድ» አለችው። «እኔን የመሰለች ሰው ምን ታደርግልሃለች? የወለደኝን የካድኩ አንተን የማልክድበት ምን ምክንያት አለ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ ራሴን» አለ። «ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቅሁ። ተናድጄብሻለሁ፤ አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ግን ማንም ሳይዝሽ ገብተሽ ነገርሽን። ዛሬም <አላውቅም> ማለት ስትችይ አላልሽም። እኔ በሩን ዘግቼ ሽማግሌውን ያባረርኩት ሰውዬ ግን እስክትመጪ ድረስ ያደረግሁት ወደ ሌላ ዞሮ መግባት ብቻ ነው። ማፈር ካለ እኔም ድርሻ አለኝ። ለብቻሽ አትፈሪ።»

«አትፍሪ ነው ያልከኝ አትፈሪ?»

«ሁለቱንም» አለ። በእንባዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። እጇን ያዘ። እሷም አልነጠቀችውም፤ አጥብቃም አልያዘችው፤ ተወችው።

«ነገ እምቢ ቢለኝስ?»

«ከነገ ወዲያ እንጠይቃለን። እኔም ገና ይቅር አላሉኝም እኮ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝና አለፉኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ጠየቋቸው። አባቷ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «ገና ነው» አሉ። ሰኞ ከሥራ በፊት ጠየቀች፤ ገና ነበር። ማክሰኞም ገና ነበር። አርታዒው በየቀኑ ይመጣል፣ አጠገቧ ይቆማል፣ ከሷ ጋር «ገና» ተብሎ ይመለሳል።

ረቡዕ ጠዋት አባቷ ፊታቸውን ታጥበው ሲዞሩ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመዋል፤ እሱ በጥድፊያ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፏል። እያዩ ቆዩና ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ሁለት ለአንድ?» አሉ። «ይሄማ ግፍ ነው።»

ከዚያ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጫኑ። ከባድ፣ ሻካራ፣ ከውሃው ገና ያልደረቀ እጅ ነበር። ሽቦ ከሥሩ ዓይኗን ጨፈነች። ሐፍረቱ አልለቀቃትም፤ ገና ብዙ ቀን አብሯት እንደሚነሣ ታውቃለች። ግን በዚያች ቅጽበት፣ ከዚያ እጅ ሥር፣ ቀና ብላ ለመቆም የምትችል መሰላት።